ችፌ ያለበት ልጅ ለቫይረስ የሚጋለጠው በምን ምክንያት ነው? ከአያቱ ምች ወይስ ከቅባቱ?

ጥያቄ፦ የአዘዞዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 3 ዓመት ከ5 ወሩ ነው። ችፌው የጀመረው በ4 ወሩ ጉንጩ ላይ ሲሆን፣ አሁን ወደ ክርኑ እጥፋትና ወደ ቋንጃው ወርዶ ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ ይብስበታል። ስለ ማሳከኩ ብዙ ስላነበብሁ እሱን አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ባለፈው ጥር ስለ ደረሰብን ነገር ነው።

አያቱ ለጥምቀት ከቆላድባ መጥተው ከእኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ከተራውንም የጥምቀቱንም ዕለት ታቦት ሲያጅቡ በፀሐይ ውለው፣ በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ጥግ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣባቸው። «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው ቀቡት፤ እኛም ሌላ ነገር ይሆናል ብለን አላሰብንም። ልጁ ከጭናቸው አይወርድም፤ ማታ ማታ ጉንጩን እየሳሙ የሚያስተኙትም እሳቸው ናቸው።

ከ8 ቀን ገደማ በኋላ ጠዋት ፊቱን ላጥበው ስል፣ ችፌው በነበረበት በግራ ጉንጩ ላይ የማሽላ ፍሬ የሚያህሉ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ተደርድረው አየሁ፤ ሁሉም በመጠን አንድ ዓይነት ነበሩ። በማግሥቱ ፈርጠው በወስፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ክብ ቁስል ተዉ። ሌላ ጊዜ «እከኪልኝ» የሚለኝ ልጅ ያን ቀን እጄን ሳስጠጋው እንዳልነካው ይጮህ ነበር። ትኩሳቱ 39.2 ደረሰ። መጀመሪያ የወሰድሁት ክሊኒክ «ችፌው አመርቅዞ ነው» ብሎ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። በሁለተኛው ቀን ቁስሉ ወደ አንገቱና ወደ ዓይኑ ቆብ ተዛመተ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ገና ፊቱን እንዳየችው ያቀረበችልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ቤት ውስጥ ምች የወጣበት ሰው አለ?» የሚል ነበር። 6 ቀን ተኝቶ አሲክሎቪር የተባለው የቫይረስ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፣ የዓይን ሐኪምም አየው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ከጠቆረ ምልክት በቀር የቀረበት ነገር የለም።

ያልገባኝ ይህ ነው። የ6 ዓመቷ እኅቱ በአንድ አልጋ እየተኛች፣ በእኩል እየተሳመች ምንም አልሆነችም፤ እሱ ብቻ ለምን ተለየ? ጎረቤቶቼ ደግሞ «ያ ቅባት ቆዳውን አሳስቶት ነው» ስለሚሉኝ የታዘዘለትን የሃይድሮኮርቲሶን ቅባት ለመጣል እያሰብሁ ነው። ሆዱ ላይም መሐላቸው ጎድጎድ ያለ፣ ዕንቁ የሚመስሉ 5 ወይም 6 ትናንሽ እብጠቶች አሉት፤ የማያሙት ናቸው፤ እነዚህም የዚያው በሽታ ርዝራዥ ይሆኑ?

መልስ፦ ጤና መኮንን፣ ጎንደር

እንኳን እግዚአብሔር ማረልዎ። ልጅዎን ያገኘው ሕመም በሕክምናው ኤግዚማ ሄርፔቲኩም ይባላል። የቪየናው የቆዳ ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ እ.ኤ.አ. በ1887 ሲገልጸው መንስኤው ቫይረስ መሆኑ ገና አልታወቀም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 የተባለው ቫይረስ ነው፤ ይህም የአያቱን ከንፈር ያቆሰለው፣ እኛ ምች የምንለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ከሦስት ሰው ሁለቱ ገደማ ቫይረሱን በሰውነቱ እንደሚይዝ ያመለክታል። ስለዚህ «ቫይረሱን ከየት አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያራምደንም። ችፌ ካለባቸው ሰዎች ይህ ሕመም የሚይዛቸው ከ3 በመቶ በታች የሚሆኑት ናቸውና፣ መጠየቅ ያለበት እነዚህ ጥቂቶቹ ከሌሎቹ በምን እንደሚለዩ ነው።

ጤነኛ ቆዳ የፋሲል ግንብን ይመስላል፤ ድንጋዩን ከድንጋይ አያይዞ ያቆመው በመሐሉ ያለው ኖራ ነው። በቆዳ ሕዋሳት መካከል ያለውም የቆዳው የራሱ ቅባት እንደ ኖራው ነው። ችፌ ባለበት ቆዳ ይህ ቅባት ይሳሳል፣ ሕዋሳቱን የሚያጠናክረው ፊላግሪን የተባለው ፕሮቲንም ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ልጁ በጥፍሩ ይቧጭረዋል። ቫይረሱ በእኅቱ ጉንጭ ላይ ቢያርፍም በሩ ዝግ ስለ ነበር ይደርቃል፤ በእሱ ጉንጭ ላይ ግን ክፍት በር ያገኛል። አንድ ነገር ልጨምር፤ እኅቱም ቫይረሱን ወስዳው ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጆች ምንም ምልክት ሳያሳዩ ይይዙታልና።

ይሁንና ነገሩ በክፍት በር ብቻ አያልቅም፤ ዘበኛውም ሥራውን አይሠራም። ችፌ ሲነሣ ቆዳው ውስጥ ኢንተርሉኪን 4 እና ኢንተርሉኪን 13 የተባሉ መልእክተኞች ይበዛሉ። እነዚህ ማሳከኩንና መቅላቱን የሚያባብሱ ብቻ ሳይሆኑ፣ ቆዳ ቫይረስንና ባክቴሪያን ለመግደል በተፈጥሮው የሚያመነጫቸውን ፕሮቲኖችም ያፍናሉ። በዚህ ላይ ስታፊሎኮከስ ኦውረየስ የተባለው ባክቴሪያ ችፌ ባለበት ቆዳ ላይ ሰፍሮ ይኖራል፤ የሚረጨው መርዝም የቆዳን ሕዋስ ለቫይረሱ የበለጠ ያጋልጠዋል። ቆዳቸው በተደጋጋሚ የሚያመረቅዝ ልጆች ለሄርፒሱም ይበልጥ የሚጋለጡት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በተግባር ስናየው ሕመሙ የሚበዛባቸው፣ ችፌው በጨቅላነታቸው የጀመራቸው፣ ጠንክሮ የቆየባቸውና ፊታቸውንና አንገታቸውን የያዛቸው፣ ከችፌው ጋር አስም ወይም የምግብ አለርጂ ያለባቸው፣ በደማቸው ውስጥ አይጂኢ የተባለው የአለርጂ ፕሮቲን ከፍ ያለባቸው፣ ከዚህ በፊትም ይኸው ሕመም የያዛቸው ናቸው። ልጅዎ ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱ አሉበት። የመጨረሻው ከዛሬ ጀምሮ የተጨመረ ነው፤ ቫይረሱ አንዴ ከገባ በነርቭ ሥር ተደብቆ ስለሚኖር በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።

ስለ ዘርም መጠየቅዎ አይቀርም። በአውሮፓ የፊላግሪን ዘረ-መል ጉድለት ከችፌም ከዚህ ሕመምም ጋር ጎልቶ ይያያዛል። በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ግን አንድ አዲስ ጉድለት ከማግኘቱ በቀር በአውሮፓ የተለመዱትን አላገኘም። ስለዚህ «ከዚህ ዘረ-መል የተነሣ ነው» ብሎ መደምደም ለእኛ ልጆች ብዙም አያስኬድም። እኔ በበኩሌ ይበልጥ የምመለከተው ችፌው ምን ያህል ተገርቷል የሚለውን ነው።

መልስ፦ የመድኃኒት ባለሙያ

እኔ ስለ ቅባቱ ብቻ ልናገር፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ በመስኮት በኩል እሰማዋለሁና።

እባክዎ አይጣሉት። ይህን ሕመም ይዘው የመጡ ሰዎች ሲጠኑ፣ አብዛኞቹ ከመታመማቸው በፊት በነበሩት ሳምንታት የስቴሮይድ ቅባት (ሃይድሮኮርቲሶንም የዚሁ ወገን ነው) ያልተቀቡ ሆነው ተገኝተዋል። ይህም ከላይ ከተጻፈው ጋር ይስማማል፤ በሩን የሚከፍተው ያልታከመ፣ የተቆጣ፣ የተቧጨረ ችፌ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ መጥታ ክንዱን ስትገልጥልኝ ከጥፍሮቹ ሥር የደረቀ ደም ነበረ። ቅባቱን «ያሳሳል» ተብላ ከጣለች ወር ከሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። የሚያሳሳው የትኛው ቅባት እንደ ሆነ ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሃይድሮኮርቲሶን ደካማው ነው፤ በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ጊዜ ብቻ ለሕፃን ፊት ይሆናል። ክሎቤታሶል ግን ከሁሉም ኃይለኛው ነው። ያለ ትእዛዝ ተገዝቶ፣ አንዳንዴም «ፊት ያጠራል» ከሚባል ክሬም ጋር ተቀይጦ ለወራት ሲቀባ የጎረቤቶችዎ ፍርሃት እውነት ይሆናል። የሰውነትን መከላከያ በሙሉ የሚያዳክሙት ደግሞ በአፍ የሚወሰዱት ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉት ናቸው። ችፌን ለማስታገሥ እነዚህን እየደጋገሙ መዋጥ አይገባም። ታክሮሊመስ የተባለው ቅባትም ሄርፒስ በወጣበት ቆዳ ላይ አይደረግም። ቁስሉ ትኩስ ባለበት ወቅት የስቴሮይዱን ነገር ለሐኪሙ ይተዉት፤ አሁን ግን ድኗልና ችፌው ሲነሣ እንደ ታዘዘው ይቀቡት።

ከመድኃኒቱ በላይ ሰው የሚያሳንሰው ማለስለሻውን ነው። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ገላው ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ሳይደርቅ፣ እርጥበቱ እንዳለ ይቀባል። ችፌው ሰፊ ለሆነ ሕፃን በሳምንት እስከ 250 ግራም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ነገር ግን በጥፍር ላይ ቆንጥሮ መቀባት እንዳልተቀባ ይቆጠራል። ከትልቁ ዕቃ በንጹሕ ማንኪያ ይውሰዱ እንጂ ጣት አይክተቱበት፤ ቁስል የነካ ጣት ዕቃውን ሁሉ ይበክለዋል። ቅቤ መቀባትንም ብንተው መልካም ነው። ምግብን በተላጠ ቆዳ ላይ መቀባት ለዚያው ምግብ አለርጂ መንገድ ሊከፍት ይችላል።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ማራኪ

እኔ 62 ዓመቴ ነው፤ ችፌ ከተወለድሁ ጀምሮ አልተለየኝም። ባለሙያዎቹ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛው፣ ምች ምች ነው። እናቶቻችን ላብ ይዞን ወይም ከጓዳ ወጥተን በፀሐይ ስንመታ የሚይዘን ነው ይሉ ነበር፤ በዳማከሴም ሲድን በዓይናችን አይተናል። አሁን ደግሞ ሄርፒስ ሲባል ሰው የሚያስበው የአባላዘር በሽታን ነው። እኚህ እናት ለአያትየዋ ይህን ቃል ቢነግሯቸው ከቤት የሚያጣላ ነገር ነው፤ ቢጠነቀቁ መልካም ነው።

ሁለተኛው ትዝታ ነው። በ1964 ዓ.ም. ገደማ ዳባት ሳለን የፈንጣጣ ከታቢዎች ወደ መንደራችን መጡ። እናቴ ሌሎቹን ልጆች አሰልፋ እኔን ግን ጎተራ ሥር ደበቀችኝ፤ «ይህ ልጅ ቆዳው አይችልም» አለች። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ የተማረች ሴት አልነበረችም። እኔም እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ «በከንቱ ፈርታ ነው» እል ነበር። በኋላ ሳነብ የዚያ ዘመን ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ እንደ ነበር፣ ችፌ ባለበት ሰው ላይ ከክንዱ ወደ መላ ሰውነቱ ተዛምቶ ሊገድል ይችል እንደ ነበርም ተረዳሁ። ክትባት የወሰደን ሰው ቁስል መንካት እንኳ ችፌ ላለበት ያሠጋ ነበር። ፈንጣጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ እኔም ክንዴ ላይ ጠባሳ የሌለኝ የዕድሜዬ ሰው ሆኜ ቀረሁ። የምጠይቀው፣ ዛሬ ኤምፖክስ የሚባለው የፈንጣጣ ዘመድ መጥቷልና ክትባት ቢመጣ እንደ እኔ ያለው ሰው ምን ያድርግ የሚለውን ነው።

መልስ፦ ጤና መኮንን፣ ጎንደር

መምህር፣ እናትዎ ልክ ነበሩ። ስለ ምችም ቢሆን የሚያጣላን ነገር ያለ አይመስለኝም። ቫይረሱ በነርቭ ሥር ተኝቶ ይቆይና የፀሐይ ጨረር፣ ትኩሳት፣ ድካም ወይም ጭንቀት ሲቀሰቅሰው ወደ ከንፈር ይወጣል። «ፀሐይ መታኝ» ያሉት እናቶቻችን ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ያላዩት በፀሐይዋና በቁስሉ መሐል ያለውን ቫይረስ ነው። ምች በዳማከሴም ያለ ዳማከሴም በ7 ወይም በ10 ቀን ገደማ ይደርቃል፤ ስለዚህ ትልቅ ሰው ከንፈሩን ቢቀባ አልከራከርም። ሆኖም ከንፈሩን የቀባ ጣት ሳይታጠብ ወደ ልጁ መሄድ የለበትም፣ ቅጠሉም በተላጠ የሕፃን ቆዳ ላይ አይጨመቅም። ሄርፒስ የሚለውን ቃል በተመለከተም እስማማለሁ። በከንፈር የሚወጣውን አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ በምራቅ ነውና የአያትየዋን ክብር የሚነካ ነገር የለውም።

ኤምፖክስ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በሞያሌ ነው። የቆዳ መከላከያቸው የሳሳ ሰዎች ቢይዛቸው ሊጠናባቸው ይችላል። ኤምቪኤ-ቢኤን የተባለው የኤምፖክስ ክትባት ግን በሰው አካል ውስጥ የማይባዛ ቫይረስ የያዘ ስለ ሆነ፣ ችፌ ላለባቸውም የሚሰጥ ነው፤ እንደ 1964ቱ ጎተራ ሥር መደበቅ አያስፈልግዎትም።

አሁን ወደ ልጁ ሆድ ልመለስ። ሳላየው እርግጠኛ ልሆን ባልችልም፣ የገለጹት ሞለስከም ኮንታጂዮሰም ይመስላል። ይህ ሌላ ቫይረስ ነው፤ ከፈንጣጣ ወገን ቢሆንም የዋህ ነው። ችፌ ያለባቸው ልጆች ላይ የሚበዛው ሲያኩት በጥፍራቸው ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዘሩት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። መፈንቀል፣ መጭመቅ፣ በመርፌ መውጋት ጠባሳ ከማትረፍ በቀር ጥቅም የለውም። ፎጣውን ለብቻው ያድርጉለት፤ በዙሪያው ያለውን ችፌ ያክሙ። እንዲህ ያለ እብጠት በትልቅ ሰው ፊት ላይ በብዛት ሲወጣ ግን የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ይገባል፤ ይህን የምጽፈው ሌላ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ነው። በነገራችን ላይ፣ ሞለስከም የያዘው ልጅ በሄርፒሱም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱ የቆዳው ድክመት አንድ በመሆኑ ነው።

ሌላው የሚያምታታው የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ነው። ኮክሳኪ ኤ6 የተባለው ቫይረስ ችፌው የነበረበትን ቦታ መርጦ ውሃ ይቋጥራል፤ ሄርፒሱን በጣም ይመስላል፣ ነገር ግን በአብዛኛው በራሱ ይድናል። ጉድፍም እንዲሁ ያምታታል። ሦስቱን ቤት ውስጥ ሆኖ ለመለየት መሞከር አያስፈልግም። ችፌ ባለበት ልጅ ላይ በአንድ መጠን የተደረደረ ውሃ የቋጠረ ነገር ከታየ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካመመው፣ ትኩሳት ወይም በጆሮው ሥር ንፍፊት ካለው በዚያው ዕለት መታየት አለበት፤ ወደ ዓይኑ ከተጠጋ ደግሞ ወዲያውኑ። አሲክሎቪር የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው፤ አንድ ቀን የዘገየ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል። የመጀመሪያው ክሊኒክ ያመለጠው ነገር የብዙዎቻችን ስሕተት ነው፤ ቁስሉ መግል ሲይዝ ባክቴሪያ ብቻ ይመስላል፣ ሁለቱም አብረው መኖራቸውም ብርቅ አይደለም። እንዲህ ሲሆን አንዱን ማከም ሌላውን አያስቀረውም።

አንድ ነገር ሳልገልጽ እንዳልቀር። ቫይረሱ ቁስል ሳይታይም አልፎ አልፎ በምራቅ ይወጣል። ስለዚህ ከንፈር ላይ ምች ባለበት ጊዜ ጨርሶ አለመሳም፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ችፌው የተላጠበትን ቦታ ትቶ ሌላውን መሳም ይበቃል። ልጅን ከአያቱ መለየት አያሻም።

የአዘዞዋ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅባቱን ከቆሻሻ ቅርጫቱ አውጥቼዋለሁ፤ እንደ ዕድል ክዳኑ አልተከፈተም ነበር። የሆዱን እብጠትም በሚቀጥለው ቀጠሮ አሳያለሁ።

መምህር እንዳሉኝ ለአያቱ «ሄርፒስ» የሚለውን ቃል አልነገርኋቸውም። «ምችዎ ከልጁ ችፌ ጋር አይስማማም፤ ሐኪሟ ናት ያለችው» አልኋቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ቀጥለውም «እኔ ነኛ ልጁን ያሳመምሁት» ብለው አለቀሱ፤ ለማጽናናት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለቅበላ ተመልሰው ሲመጡ ከንፈራቸው ደኅና ነበር፤ ቢሆንም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ልጁን ከፊታቸው አርቀው በእግሩ በኩል ሲስሙት ዋሉ። እሱ ነው ነጠላውን እየገለጠ ያስቸገራቸው።